እናትየው ደህና፣ ልጁ በሽተኛ፦ ሚናማታ ላይ እንዴት ሆነ?

አባት_ልሆን፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ስለ ጃፓኗ ሚናማታ ቪዲዮ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። ፋብሪካው ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ባሕር ውስጥ ሲደፋ ዓሣውን የበሉት ታመሙ፣ እሺ ይሄ ገባኝ፣ ግን ዓሣ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሕፃናት ከነበሽታው ሲወለዱ እናቶቻቸው ቆመው ይሄዳሉ። እንዴት ነው ነገሩ? ባለቤቴ አምስት ወሯ ነው፣ አምሮቷ ደግሞ ቱና ሆኖ አረፈው፣ በቀን አንድ ጣሳ ትከፍታለች።

ኬሚስቱ፦
ሜርኩሪ ሁሉ አንድ አይደለም ወንድሜ። ቴርሞሜትር ውስጥ የምናውቀው ባዘቃ ቢዋጥ አብዛኛው እንዳለ ይወጣል (ክፉው ትነቱ ነው)። የሚናማታው ሜቲል ሜርኩሪ ነው፣ ቺሶ የሚባለው ፋብሪካ በፈረንጆቹ ከ1932 እስከ 1968 አሴታልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል ሲያመርት ሜርኩሪ ይጠቀም ስለነበር ከዛው የሚወጣ፣ እሱ አንዴ ሆድ ከገባ ከሞላ ጎደል ሁሉም ደም ውስጥ ይገባል፣ አንጎልም ይደርሳል፣ እንግዴ ልጅም አያግደውም። እንዲያውም ፅንሱ ደም ውስጥ ከእናቱ በልጦ ይገኛል፣ የሚያርፈው ደግሞ ገና እየተሠራ ባለ አንጎል ላይ ነው። ብትቀቅለው ብትጠብሰው አይለቅም።

የአዋላጅ_ልጅ፦
ያኔ ሐኪሞቹ እንግዴ ልጅ መርዝ አያሳልፍም ነበር የሚሉት። ሃራዳ የሚባል የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም በ1961 ቤት ለቤት ሲዞር አንድ ዓይነት ሕመም ያላቸው ወንድማማቾች ያገኛል፣ ታላቅየው የሚናማታ በሽታ ነው ተብሏል፣ ታናሽየው ግን ዓሣ ስላልበላ ሌላ ነው ተብሏል፣ እናትየዋ እኔ የበላሁት ነው ወደሱ የሄደው አለችው፣ ልክ ነበረች። ማስረጃው ከየት ተገኘ መሰላችሁ፣ ከእትብት! እኛ እንቀብረዋለን፣ እነሱ አድርቀው በትንሽ ሳጥን ያስቀምጡታል፣ ከዓመታት በኋላ ተሰብስቦ ሲመረመር ፋብሪካው በብዛት ባመረተባቸው ዓመታት የተወለዱት ላይ ሜርኩሪው ከፍ ብሎ ተገኘ።

ሆድ_ይፍጀው፦
እኔን ያናደደችኝ ድመቷ ነች። የፋብሪካው ሆስፒታል ኃላፊ ዶክተር ሆሶካዋ በ1959 ፍሳሹን ምግብ ላይ እያፈሰሰ ድመት ሲያበላ፣ ቁጥር 400 ይሏታል፣ ልክ እንደ ሰዎቹ አንቀጠቀጣት። ድርጅቱ ውጤቱን አፈነው። ሰውየው የመሰከረው በ1970 ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ነው። በዛ መሀል ስንት ልጅ ተወለደ በሉ።

መሲ፦
ኧረ ጥያቄው ቱና ነበር እኮ! ሱቅ ያለ ቱና የሚናማታ ዓሣ አይደለም አትደንግጥ፣ ግን ትልልቆቹ ዓሣዎች ትንንሾቹን እየበሉ ሜርኩሪውን ስለሚያከማቹ፣ ከቱና ዓይነቶች አልባኮር የሚለው ብዙ አለው፣ ስኪፕጃክ የሚለው ያነሰ ነው፣ እሱም ቢሆን በሳምንት ሁለት ሦስቴ እንጂ በየቀኑማ አይሆንም። ፊት የሚያቀላ ክሬም የምትቀባ ከሆነም ይቅርባት፣ አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፣ ኩላሊት ይጎዳል።

አባት_ልሆን፦
ተባረኩ። ጣሳውን ገልብጬ አየሁት፣ አልባኮር ነው የሚለው። ነገ ክትትል አላት፣ ሐኪሟን እንጠይቃለን። የቀረውን ስድስት ጣሳ የት እንደምደብቅባት ነው የጨነቀኝ።