«ፈክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስድብ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ ታክሲ ተሰልፈን ሳለ አንድ ተማሪ ስልኩ አምልጦት ሲወድቅ «ፈክ!» አለ፤ አጠገቡ የቆሙ እናት ትርጉሙን ቢጠይቁት አቀርቅሮ ዝም አለ። ቃሉ ስለ ንጉሥ ፈቃድ ከሚናገር ጥንታዊ ሕግ የመጀመሪያ ፊደላት ተለቃቅሞ የተሠራ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነውን?

መልስ፦ ፈጽሞ እውነት አይደለም። እንዲህ ያለ ምሕጻረ ቃል በእንግሊዝኛ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ይህ ቃል ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በስኮትላንድ ግጥም ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ምንጩ የጀርመናዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው፤ ዘመዱ የሆነው የደች «ፎከን» ዛሬ እንስሳት ማራባትን ያመለክታል።

መልስ፦ በዚህ ላይ ልጨምር። መነሻ ትርጉሙ ሩካቤ ሥጋ ነው፤ ዛሬ ግን ንዴትን፣ ድንጋጤን፣ አንዳንዴም አድናቆትን ለማጠንከር ይነገራል። ነውርነቱ እጅግ ከባድ ስለ ነበር ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ያስገባው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ልጆቻችን ከፊልም ሲለቅሙት ይህ ክብደቱ አብሮ አለመምጣቱ ያሳስበኛል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናትየውስ ምን ተብሎ ቢመለስላቸው ይሻል ነበር?

መልስ፦ «በአደባባይ የማይነገር የብልግና ቃል ነው» ቢባሉ ይበቃቸው ነበር።