የመርከቧ አፍንጫ ላይ ተቸግሬያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከልጄ ጋር የከቲ ሳርክን የእንጨት ሞዴል እየሠራን ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራችው፣ ዛሬ ለንደን ግሪኒች የቆመችው የሻይ መርከብ ናት። በጣም ነው የምንወዳት።

የጎድን አጥንቶቹን፣ ማለትም የመርከቧን ቅርጽ የሚይዙትን እንጨቶች፣ በደንብ ገጣጠምን። ችግሩ ጣውላ ማልበሱ ላይ መጣ። የጣውላዎቹ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው 1.5 ነው። መሃል ላይ እሺ ይላሉ። መርከቧ ከፊት ወደምትሾልበት ስንደርስ ግን ቀጭ! ሦስት ተሰበሩብን። ሌላ ጣውላ ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩ፤ ታጠፈልኝ፣ ሲደርቅ ግን ከሙጫው ተላቆ ተነሳ። ጫፍ ላይ ደግሞ ይደራረባሉ። ወደ ጫፉ ማቅጠን እንዳለብኝ ገብቶኛል፤ ግን ከስንተኛው አጥንት ልጀምር? የምታጥፉትስ በእንፋሎት ነው ወይስ በካውያ? የቀረኝ ትርፍ ጣውላ አራት ብቻ ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።