«ብራንካሊዮን ባይመጣ ኖሮ» ነው የሚባለው?

የዳጋ ልጅ፦ ትናንት ሬዲዮ የሰማችሁ አላችሁ? ተጋባዡ ደረቱን ነፍቶ «ቬኒሳዊው ሠዓሊ ብራንካሊዮን ባይመጣ ኖሮ የእመቤታችንን ሥዕል በዚህ መልክ አናውቀውም ነበር» አለ። አቅራቢዋም «ይገርማል!» ብላ አለፈችው። ብራንካሊዮን በነአፄ እስክንድር ዘመን የመጣ ነው። ከእሱ በፊት፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ የአገራችን ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሣላት የጣናው ደሴት ገዳም የዳጋ እስጢፋኖሷ እመቤታችን ታዲያ ከሰማይ ወረደች?

ቀለም ነኪ፦ ረጋ በል ወንድሜ። ፍሬ ጽዮንን ያጠኑት ሰዎች ራሱ የቢዛንታይንም የጣሊያንም እጅ አይተውበታል። የጠራኸው ምስክር በአንተው ላይ መሰከረ። ብራንካሊዮን ደግሞ አላፊ መንገደኛ አልነበረም። ፖርቱጋሎቹ በ1520 እ.ኤ.አ. ሲመጡ አብሯቸው የነበረው ቄስ አልቫሬዝ ያገኘው ቋንቋ የለመደ፣ ርስት የተሰጠው፣ ማርቆሬዎስ የተባለ ሽማግሌ ሆኖ ነው። ይህ ሰው አሻራ አልተወም?

የዳጋ ልጅ፦ አሻራማ ይተው! እኔ የያዝኩት «ባይመጣ ኖሮ»ን ነው። እሷን መልስልኝ።

እቴሜቴ፦ ብራንካሊዮን ሕፃኑን በግራ ክንዷ አድርጎ ስለሣለ አገር ተቆጥቶበት የለም እንዴ? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ብሩስ ጽፎታል። ግራ ክብር የለውም ተብሎ ሥዕሉ ይጥፋ ሲባል ያስቀሩት ንጉሡ ናቸው። ዛሬ በየደብሩ ልጇን በየትኛው ክንዷ ነው የታቀፈችው? በግራ! እንግዲህ ማን ረታ?

የዳጋ ልጅ፦ ያቺ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው ሥዕል ናት እህቴ! ሁለት ጣቶቿን ወደ ታች ዘርግታ፣ መሐረብ ይዛ፣ ልጇ መጽሐፍ ይዞ። ቅጂዋን ያመጡት የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ ኢየሱሳውያን ናቸው፣ ከብራንካሊዮን መቶ ዓመት ያህል ዘግይተው። የጎንደር ሠዓሊ የቀዳው እሷን ነው።

ቀለም ነኪ፦ ቬኒሱን አባርረህ ሮሙን አስገባህ። ጎሽ!

የመቅደላ ዕዳ፦ ፈረንጅ ሣለው ተብሎስ ምን ይጠበስ? ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታ ሥዕልም የአውሮፓ እጅ ሥራ ነው። ነገሥታቱ ግን ይዘውት ይዘምቱ ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ወስዶ ለራሱ ያስቀረው ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሰው ሆልምስ ነው። ተጋባዡ ስለዚህ ምነው ትንፍሽ አላለ?

ቀለም ነኪ፦ አሁን መቅደላን ምን አመጣው? ሁሌ እዚያው ናችሁ።

የመቅደላ ዕዳ፦ አንተ ዘንድ ፈረንጅ ሲሰጥ እንጂ ሲወስድ አይታይም።

ቀለም ነኪ፦ እኔ ስለ ቀለም ነው የማወራው፣ አንተ ስለ ቂም።

የዳጋ ልጅ፦ እንደ ቤሊኒ ያለ ታላቅ ሠዓሊ በነበረባት ቬኒስ ብራንካሊዮንን ማን ያውቀዋል? ስም ያገኘው እዚህ ነው። እኛ ባንኖር ኖሮ እሱ የት ነበር? ይሄን ለምን አይሉም?

እቴሜቴ፦ ለመሆኑ ያቺን የፍሬ ጽዮንን ሥዕል በዓይንህ አይተሃታል?

የዳጋ ልጅ፦ አይቻታለሁ!

እቴሜቴ፦ እኔ ሴት ነኝና ዳጋ አያስገቡኝም። የሬዲዮው ሰውዬ ያላያትን አንተ ያየኸውን፣ እኔ በምን ላመሳክር?

የዳጋ ልጅ፦ ፎቶዋ ሞልቷል። ደግሞ አታስቀይሺ፣ «ባይመጣ ኖሮ» ገና አልተመለሰም።