ኢንተርፎም ከአፕዴት በኋላ ጠፋብኝ፣ የደቻቱ ሞዴሌም ሌላ ቁጥር ሰጠኝ

የከዚራ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ኦፕንፎም (የውሃና የአየር ፍሰት በኮምፒውተር የሚያሰላውን ሶፍትዌር) የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። የማስተርስ ቴሲሴን የምሰራው እዚሁ ድሬዳዋ በደቻቱ ወንዝ ላይ ነው። ደቻቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ግን ወደ ደንገጎ ተራራው ላይ ከዘነበ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። ሲመጣ ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም፣ ግንዱን እሾሁን ቆሻሻውን ይዞ ነው የሚመጣው፣ እሱ ሁሉ ድልድይ ምሰሶ ላይ ይጠራቀማል። የኔ ጥያቄ ይሄ ነገር ሲጠራቀም ከድልድዩ በላይ ያለው ውሃ ስንት ሴንቲ ይጨምራል የሚል ነው።

ለዚህ ብዬ የኢንተርፎምን (ውሃና አየር አብረው ሲሄዱ የሚያሰላውን የኦፕንፎም ፕሮግራም) ኮድ ኮፒ አድርጌ የፍጥነቱ እኩልታ፣ ሞመንተም ኢኩዌሽኑ ላይ አንድ የድራግ ተርም፣ ግንዱ ውሃውን የሚይዝበትን ጉልበት ማለት ነው፣ ጨመርኩበት፣ የራሴን ስም ሰጥቼ ኮምፓይል አደረኩት፣ ግንዱ የተጠራቀመበት ቦታ የቱ እንደሆነ ደግሞ ዜሮ ፎልደር (የመነሻ ቁጥሮቹ የሚቀመጡበት) ውስጥ ድራግ በሚል ፋይል ነው የሰጠሁት። ለስምንት ወር ያለችግር ሰራ። የጫንኩት ዴቭ የሚባለውን፣ ገና እየተሰራ ያለውን ፓኬጅ ነው፣ አዳዲሱ ነገር ሁሉ እዛ ስለሚገባ ይሻላል ብዬ።

ከዛ ኡቡንቱ አፕዴት ላድርግ ሲለኝ እሺ አልኩት። በቃ። የኔ ሶልቨር (ያ የቀየርኩት ፕሮግራም) አልነሳም አለ፣ እንደገና ኮምፓይል ላድርገው ስል መአት ኤረር፣ የድሮው የኢንተርፎም ኮድም ከነበረበት ፎልደር የለም። እስቲ ብዬ ኬሱን (የሞዴሌን ፋይሎች) ሁለት ሶስት ቦታ አስተካክዬ በዋናው ኢንተርፎም ሳስነሳው በሌላ ተተክቷል የሚል መልዕክት አሳይቶኝ ግን ሰራ። ችግሩ ከምሰሶው በላይ ያለው የውሃ ከፍታ ከበፊቱ 40 ሴንቲ ያነሰ ሆነ። ሜሹ (የስሌቱ መረብ) ያው ነው፣ የሚገባው ውሃም ያው ነው። ኮዱን ሲቀያይሩት ፊዚክሱንም ቀየሩት ማለት ነው? የትኛውን ቁጥር ልመን? አድቫይዘሬ በሚቀጥለው ወር ድራፍት ይፈልጋል።

ሜሽ_ሰሪ

አቦ ወንድሜ አይዞህ፣ ብዙ ሰው ላይ የደረሰ ነገር ነው። መጀመሪያ ምን እንደተቀየረ ልንገርህ።

የፋውንዴሽኑ ኦፕንፎም፣ አንተ የያዝከው ማለት ነው፣ ከቨርዥን 11 ጀምሮ፣ በፈረንጅ 2023 ላይ የወጣው ማለቴ ነው፣ ሲምፕልፎም ፒምፕልፎም ኢንተርፎም እየተባሉ ለየብቻ የነበሩትን ፕሮግራሞች ወደ ሞጁል ቀይሯቸዋል። አሁን ፎምረን የሚባል አንድ ፕሮግራም ነው ያለው፣ እሱ የምትፈልገውን ሞጁል ይጠራልሃል፣ በኢንተርፎም ቦታ የገባው ኢንኮምፕረሲብል ቪኦኤፍ የሚባለው ነው። ኢንተርፎም ብለህ ስትጽፍ የሰራልህ በስሙ የተቀመጠች ትንሽ ስክሪፕት ስላለች ነው፣ መልዕክቱን ታሳይህና ፎምረንን ታስነሳለች። ያንተ ኮድ ግን የተጻፈው በድሮው አቀማመጥ ነው፣ ዋናው ሉፕ አንድ ፋይል ላይ ሆኖ ሌላው በኢንክሉድ የሚገባበት፣ አሁን ሁሉም ክላስ ሆኗል ስለዚህ ኮምፓይል ባያደርግ አይገርምም።

ይሄ ደግሞ የመጀመሪያው ለውጥ አይደለም። ቨርዥን 8 ላይ ተርቡለንስ ፕሮፐርቲስ የነበረው ፋይል ሞመንተም ትራንስፖርት ተባለ፣ 9 ላይ ኤፍቪ ኦፕሽንስ ለሁለት ተከፍሎ ኤፍቪ ሞዴልስ እና ኤፍቪ ኮንስትሬይንትስ ሆነ፣ 10 ላይ ትራንስፖርት ፕሮፐርቲስ ፊዚካል ፕሮፐርቲስ ሆነ። ዴቭ ላይ የተቀመጠ ሰው ይሄ ሁሉ ሲመጣ ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው።

አሁን ወደ 40 ሴንቲው። ፊዚክሱ የተቀየረ አይመስለኝም። ያንተ ድራግ ተርም ያለው አንተ ኮምፓይል ባደረከው ሶልቨር ውስጥ ብቻ ነው እኮ፣ ዋናው ሞጁል ስለሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ዜሮ ፎልደር ውስጥ ያለውን የድራግ ፋይል ደግሞ ኦፕንፎም ማንም ካልጠየቀው ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ኤረርም ዋርኒንግም አይሰጥም። ስለዚህ አሁን ያስኬድከው ግንድ የሌለበትን ድልድይ ነው። ግንዱ ከሌለ ውሃው ይወርዳል።

የከዚራ_ልጅ

ሴት ነኝ 🙂 እና ደግሞ አሁን ራሴን ይዤ ተቀምጫለሁ። ልክ ነህ። ፋይሉ እዛ ስላለ ያነበዋል ብዬ ነው ያሰብኩት፣ ኤረር ስላልሰጠኝ። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያወዳደርኩት ግንድ ያለውንና የሌለውን ነው ማለት ነው። እሺ አሁን ምን ላድርግ፣ ኮዴን ወደ ሞጁል ልቀይረው ወይስ የድሮውን ላምጣ? የድሮው ደግሞ የትኛው ቀን ላይ የነበረው ዴቭ እንደሆነ አላስታውስም።

ሳቢያን_ሰፈር

እኔ ሌላ ሀሳብ ልስጥ። ኦፕንፎም አንድ አይደለም፣ ይሄን ብዙ ጀማሪ አያውቅም። ኢምፔሪያል ኮሌጅ ለንደን ውስጥ በፈረንጅ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሰራ ኮድ ነው፣ በ2004 ለሁሉም ክፍት ሆነ፣ ከዛ በኋላ ተከፋፈለ። በቁጥር 9 10 11 እያለ የሚሄደው የፋውንዴሽኑ ነው፣ ሌላው በአመተ ምህረትና በወር የሚጠራው ነው፣ ለምሳሌ ቪ2306 ማለት የ2023 ሰኔ በፈረንጅ፣ በአመት ሁለቴ ይወጣል። እዛኛው ላይ ኢንተርፎም በስሙ በቦታው አለ፣ ኢንተርአይሶፎም የሚባልም አለ የውሃውን ገፅ ጥርት አድርጎ የሚይዝ። እኔ ወደዛ ከዞርኩ በኋላ አርፌያለሁ።

ሜሽ_ሰሪ

ይቅርታ እህቴ። @ሳቢያን_ሰፈር ያልከው ትክክል ነው ግን ለሷ አሁን አልመክርም። ሁለቱ መሀል ኬስ እንዳለ ኮፒ ማድረግ አይቻልም፣ ለምሳሌ የውሃውን ገፅ የሚጨምቀው ሲ አልፋ የሚባለው ቁጥር አንዱ ላይ ኤፍቪ ሶሉሽን ውስጥ ነው ያለው፣ ፋውንዴሽኑ ላይ ከ8 ጀምሮ ኤፍቪ ስኪምስ ውስጥ ከስኪሙ ጋር ነው የሚጻፈው። ድራፍት ሊደርስ ወር ሲቀረው እንደዚህ አይነት ነገር መነካካት ሌላ ሁለት ሳምንት ይበላል።

የድሮውን ቨርዥን ለማግኘት ግን ማስታወስ አያስፈልግሽም። ድሮ ያስኬድሽው ሎግ ፋይል አለሽ? ክፈቺውና ከላይ ኦፕንፎም የሚል ሳጥን መሳይ ነገር አለ፣ ከሱ ስር ቢልድ የሚል መስመር አለ፣ ዴቭ ብሎ ሰረዝ አድርጎ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀ ነገር ይጽፋል። እሱ የኮሚቱ ሀሽ ነው፣ የዛን ቀን ኮድ መለያ ቁጥር ማለት ነው። ሪፖዚተሪውን (የኮዱን ማከማቻ) ከጊትሀብ ክሎን አድርጊና ያንን ሀሽ ቼክአውት አድርጊ፣ ያው የነበረሽን ኮድ ታገኛለሽ። አዲሱ ሎግ ላይ ያለውንም ሀሽ ወስደሽ በሁለቱ መሀል የኢንተርፎም ፎልደር ላይ የገቡትን ኮሚቶች ብቻ በጊት ሎግ አውጫቸው፣ መልዕክታቸው ብዙ ጊዜ በደንብ የተጻፈ ነው፣ ምን ለምን እንደተቀየረ ይነግርሻል። እኔ ቡና እየጠጣሁ የማነበው እሱን ነው ማለት ይቻላል።

ግን ከዛ በላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የራስሽ ሶልቨር ጭራሽ አያስፈልግሽም ነበር። ግንድና እሾህ የተጠራቀመበት ቦታ እንደ ፖረስ ዞን፣ ውሃ እየተያዘ የሚያልፍበት ቦታ፣ ሊታይ ይችላል። ኦፕንፎም ውስጥ ዳርሲ ፎርችሃይመር የሚባለው አለ፣ ዲ እና ኤፍ የሚባሉ ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፣ ዲ ከቪስኮሲቲ (ከውሃው ውፍረት) ጋር የሚሄደው ነው ለእንዲህ ያለ ጎርፍ ዜሮ አድርጊው፣ ኤፍ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር የሚሄደው ነው፣ ግማሽ ሮ ኤፍ ዩ ካሬ ነው ተርሙ፣ ሮ እፍጋቱ ዩ ፍጥነቱ። ያንቺ የድራግ ተርም በዚሁ መልክ ከተጻፈ ኮፊሸንትሽን ወደ ኤፍ መለወጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቦታውን በቶፖሴት (ሜሹ ላይ ቦታ መምረጫው) ሴልዞን አድርጊና ኤፍቪ ሞዴልስ ፋይል ላይ ጻፊው፣ ስሙን ከራስሽ ቨርዥን ምሳሌዎች ውስጥ እይው ምክንያቱም ስም ይቀያይራሉ። ከዛ በኋላ ሶልቨሩን አስር ጊዜ ቢቀይሩት አንቺ የምታስተካክይው የጽሁፍ ፋይል ነው፣ ኮድ አይደለም።

ዴቭንም ተይው። 11ን ጫኚ፣ ኦፕት ስር በቁጥሩ ስም በራሱ ፎልደር ነው የሚቀመጠው ከሌላው ጋር አይጋጭም፣ ባሽአርሲሽ (ተርሚናሉ ሲከፈት የሚነበበው ፋይል) ላይ እሱን ሶርስ አድርጊ።

አምስት_በር

ከሐረር ነኝ፣ የውሃ ምህንድስና ነው ሙያዬ፣ ስለ ኮዱ ከናንተ በላይ የምለው የለኝም ግን ስለ ደቻቱ ዝም ማለት አልችልም። በ1998 ክረምት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው፣ ሰው ተኝቶ ነው የደረሰበት። ስለዚህ እህቴ የያዝሽው 40 ሴንቲ ድራፍት ላይ የሚጻፍ ቁጥር ብቻ አይደለም፣ ከድልድዩ በላይ ዳር ላይ ያለ ቤት ደጃፍ ላይ ያለ ውሃ ነው። በደንብ ያዥው።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ የሚገባውን ውሃ ከየት አመጣሽው? ሙሉ ወንዙን በሦስት ዳይሜንሽን አትሞክሪ፣ ላፕቶፕ አይችለውም አያስፈልግም፣ ከላይ ያለውን በሄክራስ (የወንዝ ፍሰት ማስያ ሶፍትዌር) ሰርተሽ ከፍታውንና ፍጥነቱን ወደ ድልድዩ አስገቢ። ሁለተኛ የወለሉን ሻካራነት ሰጥተሽዋል? ለስላሳ ግድግዳ ከተውሽው ውሃው ከእውነተኛው በላይ ይፈጥናል ከፍታው ይወርዳል፣ የደቻቱ ወለል ደግሞ አሸዋ ብቻ አይደለም ድንጋይም አለበት። ሻካራ ግድግዳ የሚሰላበት ራፍ ዎል ፈንክሽን አለላችሁ አይደል።

እና ከሁሉም በላይ ምሰሶው ላይ ጎርፍ የተወው ምልክት አለ፣ ጭቃው የደረሰበት መስመር። ሄደሽ ለኪው። ሁለት ቨርዥን እርስ በርስ ተስማሙ ማለት ከወንዙ ጋር ተስማሙ ማለት አይደለም።

የከዚራ_ልጅ

የገባው ውሃ ከሄክራስ ነው፣ ሻካራነት ግን አልሰጠሁም ነበር 😔 አሁን አስገባዋለሁ። ሀሹን አገኘሁት! ሎጉ ላይ ሁሌ ነበር አይቼው አላውቅም። ግን ኮምፓይል ማድረግ ጀምሬ መብራት ሄደ፣ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው? ላፕቶፑም በጣም ይግላል፣ ሰአቱ ደግሞ ስምንት ሰአት ቀን ነበር የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ።

ሜሽ_ሰሪ

አይ፣ ኦልደብሊውሜክን (ኮምፓይል የሚያደርገውን ስክሪፕት) እንደገና አስነሺው ያለቀውን ይዘለዋል ከቀረበት ይቀጥላል። ማታ ሙቀቱ ካለፈ በኋላ አድርጊው፣ ሁሉንም ኮር አትስጪው። ሲሙሌሽኑንም ኮንትሮል ዲክት (የሩጫው ማስተካከያ ፋይል) ላይ ስታርት ፍሮምን ሌተስት ታይም አድርጊ፣ የሚጽፍበትንም ክፍተት አጥብቢው፣ መብራት ቢሄድ መጨረሻ ከጻፈበት ይነሳል። ኮራንት ቁጥሩን (ውሃው በአንድ የጊዜ እርምጃ ስንት ሴል እንደሚያልፍ የሚለካውን) ግን ለማፍጠን ብለሽ ከፍ እንዳታደርጊ፣ የውሃው ገፅ ይበላሻል።

የከዚራ_ልጅ

ከአምስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። የድሮውን ኮሚት ኮምፓይል አድርጌ የራሴ ሶልቨር ተነሳ፣ የድሮውን ቁጥር ቁጭ አድርጎ ሰጠኝ። ከዛ 11 ላይ የራሴን ኮድ ትቼ ግንዱን በፖረስ ዞን አደረኩት፣ ከምሰሶው በላይ ያለው ከፍታ ከድሮው ጋር የ3 ሴንቲ ልዩነት ብቻ አለው። ግንዱን ሳወጣ ደግሞ ያ 40 ሴንቲ መልሶ ወረደ፣ ስለዚህ @ሜሽ_ሰሪ ያልከው ነው። ሻካራነቱን ስጨምር ሁለቱም ከፍ አሉ፣ ምን ያህል እንደሚሆን ገና እየሞከርኩ ነው ምክንያቱም የድንጋዩን መጠን በግምት ነው የሰጠሁት።

ቴሲሱ ላይ የቨርዥን ቁጥሩንና ሀሹን ሜቶዶሎጂ ውስጥ ጽፌዋለሁ፣ ዴቭን ከላፕቶፔ አውጥቻለሁ። @አምስት_በር ምሰሶው ላይ ያለውን የጭቃ መስመር ዛሬ አየሁት፣ በከዚራ በኩል ያለው ጥርት ብሎ ይታያል በመጋላ በኩል ያለው ግን ጠፍቷል። ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳይከር ሜትር ይዤ ሄጄ እለካለሁ፣ ቁጥሩን እዚሁ እጽፈዋለሁ።