ጥቆማ፦ ሜዲቴሽን ለመጀመር አፕ ይሻላል ወይስ ቦታ?

ነፋሻው
ሰላም እንዴት ናችሁ? ሜዲቴሽን ልጀምር ብዬ ቆርጫለሁ። ከዜሮ ነው የምነሳው። ጠዋት ከሥራ በፊት 10 ደቂቃ ብቻ ነው ያለኝ። ቤቴ አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ከአፖቹ ከሄድስፔስ፣ ከካልምና ከኢንሳይት ታይመር የቱ ይሻለኛል? ወይስ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያስተምር ቦታ ልፈልግ? በጀቴ ጠባብ ነው። የሞከራችሁ ብቻ ብትነግሩኝ።

ቡና በጨው
ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። ሄድስፔስ ለጀማሪ ጎበዝ ነው፣ እጅህን ይዞ ነው የሚያስጀምርህ። ግን ትንሽ ካስለመደህ በኋላ ክፈል ይልሃል። በዓመት ወደ 70 ዶላር ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ከሌለህ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ቴሌብር የሚባል ነገር አያውቁም። ካልም ለእኔ እንቅልፍ ማስወሰጃ ነው። ኢንሳይት ታይመር ላይ ብዙው ነገር ነጻ ነው፤ ችግሩ መብዛቱ ነው። የማንን ልስማ ስትል 10 ደቂቃህ ታልቃለች። እኔ ሰዓት ቆጣሪውን ብቻ ነው የምጠቀመው። ደወል፣ ትቀመጣለህ። ደወል፣ ትነሳለህ።
አንድም ሰው የማያነሳልህ ደግሞ ሜዲቶ የሚባል አፕ አለ። ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም።

የተቃጠለች
ወንድሜ ቦታ የሚባል ነገር እንዳትሞክር!!! እኔ የሦስት ወር ቀድሜ ከፈልኩ። ስሙን አልጠራም፣ ጣጣ አልፈልግም። ሳሎን የምታክል ክፍል ናት፣ ከሥሯ ጋራዥ። “ትንፋሻችሁን አዳምጡ” ይሉናል፣ እኛ የምናዳምጠው መዶሻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አስተማሪዋ ለቀቀች። በምትኳ አንድ ጎረምሳ መጣና ሙዚቃ ከፍቶ ኤሮቢክስ አሠራን። ገንዘቤን መልሱ ስል ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? “እህቴ፣ ሜዲቴሽን የሚያስፈልግሽ ለዚህ ነው፣ አልተረጋጋሽም።”

ሰፈር አለኝ
😂😂 አልተረጋጋሽም! ኧረ ስሙን ንገሪን።

የተቃጠለች
አልናገርም አልኩ። በቦሌ በኩል ነው፣ በቃ።

ጥቁር ካባ
እህት፣ ደረሰኝ አለሽ? የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 813/2006። ላልተሰጠ አገልግሎት ገንዘብሽን መጠየቅ ትችያለሽ። ካልመለሱ ለንግድ ቢሮ አመልክቺ።

የተቃጠለች
ደረሰኙ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ነው። ማኅተምም የለው።

ጥቁር ካባ
እሱንም ቢሆን እንዳትጥይው። በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈልሽ እሱም ማስረጃ ነው። ለሌሎቻችሁ ደግሞ፦ በወር በወር ክፈሉ።

ሰፈር አለኝ
የእኔ ጂምም እንዲሁ ነው ያደረገኝ። ሻወሩ ሙቅ ነው ብለው አስመዘገቡኝ፣ እስከ ዛሬ ሙቅ ውኃ አላየሁም።

የሾላዋ
ኧረ ሰውየው ሌላ ነገር ነው የጠየቀው። አፑንም ቦታውንም ተወው፣ መጀመሪያ መቀመጫ ያስፈልግሃል። መሬት ላይ ዝም ብለህ ብትቀመጥ በአምስት ደቂቃ እግርህ ይደነዝዛል። ሾላ ገበያ ጥጥ የምትሞላ ሴትዮ አለች። ክብ፣ ወፍራም ትራስ አሠራት። ከእሷ ውጪ አልመክርህም።

ዜሮ አምስት
ሴትየዋን አውቃታለሁ። ከእሷ ያሠራሁት ትራስ በሦስት ሳምንት እንደ ቂጣ ተለጠፈ።

የሾላዋ
አቀማመጥህ ነው።

ዜሮ አምስት
ትራስ ላይ ስንት ዓይነት አቀማመጥ አለ?

የሾላዋ
እናቴ ከ 20 ዓመት በላይ ደንበኛዋ ናት። አንድ ቀን አጉድላባት አታውቅም።

ዜሮ አምስት
እናትሽ ሜዲቴሽን ይሠራሉ?

የሾላዋ
አይ፣ ፍራሽ ነው የምታስሞላው። ጥጡ ግን ያው ጥጥ ነው።

ዲሲ ነኝ
እኔ በቀጥታ ወደ ትልቁ እንድትገባ ነው የምመክርህ። ቪፓሳና ይባላል። እኔ የወሰድኩት ማሳቹሴትስ ውስጥ ሼልበርን በሚባል ቦታ ነው። 10 ቀን ሙሉ ዝምታ። ስልክህን ታስረክባለህ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ደወል ይቀሰቅስሃል፣ በቀን 10 ሰዓት ገደማ ትቀመጣለህ። ክፍያ የለውም፣ ስትጨርስ የፈቀድከውን ትሰጣለህ። አራተኛው ቀን ላይ አለቀስኩ። ሕይወቴን ነው የቀየረው።

ሰፈር አለኝ
ሰውየው 10 ደቂቃ ነው ያለኝ ያለው፣ አንተ 10 ቀን ሰጠኸው። ቪዛውንስ ማን ይስጠው፣ የሾላዋ ሴትዮ?

ዲሲ ነኝ
ለማነሳሳት ነው እኮ።

መንገደኛ 7
ይቅርታ ግን ይሄ ነገር ከሃይማኖታችን ጋር አይጋጭም? የህንድ ነው ይባላል።

ቡና በጨው
ካልተመቸህ በራስህ መንገድ አድርገው። አያቴ መቁጠሪያ ይዛ 41 እግዚኦታዋን ስታደርስ ቤቱ ቢቃጠል አትሰማም። ጎረቤታችን ሐጂም ከሶላት በኋላ ተስቢሃቸውን ይዘው 33፣ 33፣ 34 ይላሉ። ሁለቱም ጋ ጸጥታ አለ። ጸሎትና ሜዲቴሽን አንድ ናቸው አላልኩም፣ እንዳትጣሉኝ።

ጡረተኛው
ልጄ፣ ጉልበት የሚያምህ ከሆነ ለብ ያለ ውኃ በጨው አድርገህ ማታ ማታ እግርህን ዘፍዝፍ። እኔን ረድቶኛል።

ነፋሻው
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ጉልበቴ ደህና ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ነጻ አፕ ከፍቼ ሞከርኩ። ዓይኔን በጨፈንኩ በሁለተኛው ደቂቃ “ቆራሌው!” መጣ። እሱ ሲያልፍ ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች ሽንኩርት መውቀጥ ጀመሩ። ከዚያ ሳላስበው ስልኬን እያየሁ ነበር። ይሄ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?

የጀበና ልጅ
ይሆናል። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አፕም ትራስም የለኝም። እንዲህ ነው የማደርገው። ጠዋት ጀበናውን በትንሽ እሳት እጥደዋለሁ። በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፣ ጀርባዬ ቀጥ፣ እጄ ጭኔ ላይ። ስልኩ መኝታ ቤት ይቀራል። ትንፋሼ በወጣ ቁጥር እቆጥራለሁ፣ ከ 1 እስከ 10፣ ከዚያ እንደገና ከ 1። ሐሳቤ ወደ ቤት ኪራይ ከሄደ ራሴን አልሳደብም፣ ተመልሼ ከ 1 ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከ 4 አልፌ አላውቅም።
ጀበናው መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ሆዱ ውስጥ ሽው የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ ይንተከተካል። አንገቱ ላይ ሲደርስ ደወሌ እሱ ነው፣ እነሳለሁ። አንድ ቀን ገንፍሎ ምድጃውን አበላሸው። እስከ ዛሬ ጥሩ የተቀመጥኩት ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም 😄
ቆራሌውን አትጣላው። “ቆራሌው ነው” በልና ወደ ቁጥርህ ተመለስ። ቡና ካልጠጣህ ሻይም ይሆናል። ዋናው ለማንኛውም በየቀኑ ከምታደርገው ነገር ጋር ማያያዝ ነው። 10 ደቂቃ ከከበደህ በ 3 ጀምር።

ዜሮ አምስት
ይሄን ነበር መጀመሪያ መጻፍ።

ሰፈር አለኝ
ጀበናሽን ከየት ነው የገዛሽው? የእኛ በሁለት ወር ነው የሚሰነጠቀው።

የጀበና ልጅ
ከሽሮ ሜዳ። ሲገዛ በጣትሽ መታ መታ አድርጊው፣ ጥርት ብሎ ካልጮኸ ተይው። አዲሱን ደግሞ ሳታሟሺ ቡና እንዳታፈይበት።

የሾላዋ
ሾላም ጥሩ ጥሩ ጀበና አለ።

ነፋሻው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነው የተማርኩት። የሾላዋ፣ ትራሷ ስንት ነው ግን?

የሾላዋ
በውስጥ አናግረኝ።

ቡና በጨው
ነፋሻው፣ ሦስት ሳምንት ሆነ። በመጨረሻ ምን መረጥክ?

ቡና በጨው
ነፋሻው?

የተቃጠለች
የእኔን ገንዘብ እስካሁን አልመለሱም።