ዘመቻው ይቀጥል ወይስ ቋሚ የዓይን ክፍል ይከፈት? (ክርክር)

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። በዓመት አንዴ እየመጣ በአንድ ሳምንት ውስጥ መቶዎችን፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ሰው በነጻ የሚሠራ የዓይን ሞራ ዘመቻ አለ። ጥያቄዬ እሱ ላይ ነው። ይቀጥል? ወይስ ገንዘቡ በየዞኑ ሆስፒታል ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራ የዓይን ክፍል ይዋል?

የምጠይቀው ስለደረሰብኝ ነው። እናቴ ገጠር ነው የምትኖረው። ሁለቱም ዓይኗ በሞራ ተሸፍኖ ሦስት ዓመት በልጅ እጅ ተመርታለች። የሚመራት የወንድሜ ልጅ በዚህ የተነሳ ትምህርት ቤት ሳይገባ ቀረ። ዘመቻ መጣ ሲባል ይዣት ሄድኩ። ቀኝ ዓይኗ ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ትክ ብላ አየችኝና «ነጠላሽ እንዲህ ይነጣል እንዴ?» አለችኝ። ቆሜ አለቀስኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዓይኗ ቀላ። ሕመሙ እንቅልፍ ነሳት። የዘመቻው ሐኪሞች ሄደዋል። ጤና ጣቢያው «የዓይን ባለሙያ የለንም» አለን። ከተማ ወስደን የሚያያት እስክናገኝ ሁለት ቀን አለፈ። በጠብታ ተረፈች፤ ግን እይታዋ እንደ መጀመሪያው ቀን አይደለም። ግራ ዓይኗ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተሠራም። እና እኔ ማመስገንም መውቀስም እፈልጋለሁ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ከሜሪላንድ

ልጄ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ እዚህ አሜሪካ ገንዘብ አሰባስበን ዘመቻ ከምንደግፍ ሰዎች አንዱ ነኝ። ይቀጥል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ቀላል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነው አለ። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሞራ ነው። ሞራ ደግሞ የሚድን ነገር ነው! ደመናማው ሌንስ ይወጣል፣ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፣ አለቀ። በሰለጠነ እጅ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ቋሚ የዓይን ክፍል እስኪቋቋም ስንት ዓመት ነው? የ75 ዓመት አዛውንት ያን ሁሉ ዓመት ጨለማ ውስጥ ይቀመጡ? እኔ እንደዚያ ብዬ ፊታቸው መቆም አልችልም።

የዓይን ነርስ፣ ከወሎ

ጋሼ፣ ልብዎን አከብራለሁ። እኔም በዘመቻ ሠርቻለሁ። ጠብታ ሳደርግ፣ ፋሻ ስፈታ ውዬ እግሬ አብጦ የገባሁበት ቀን ብዙ ነው። ሰው ሲያይ እንደማየት የሚያስደስት ነገር የለም።

ግን ሳምንቱ ካለቀ በኋላ ያለውን እርስዎ አላዩትም። በምሠራበት ሆስፒታል አንድ የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ነበረን። አምፖሉ ተቃጠለ። አምፖል! አገር ውስጥ ፈልገን አጣነው፤ ከውጭ ለማስመጣት ምንዛሬ የለም ተባለ። ማይክሮስኮፑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ሰባት ወር ቆመ። በዚያ ሰባት ወር ወደ 200 ሰው መዝግቤ «ዘመቻ ሲመጣ እንጠራችኋለን» ብዬ መልሻለሁ።

ሌላም አለ። ነጻ ዘመቻ ይመጣል ከተባለ ሰው በትንሽ ክፍያ መታከሙን ትቶ ይጠብቃል። ክፍላችን ባዶ ይሆናል። ባዶ ሲሆን አስተዳደሩ «ሥራ የላችሁም» ይልና ነርሷን ወደ ድንገተኛ ክፍል ያዛውራታል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተዛውሬአለሁ። ለዓይን ተብሎ የሰለጠነ እጅ መርፌ ሲወጋ ይውላል።

ከሜሪላንድ

ሲስተር፣ አምፖሉን ለምን አልነገራችሁንም? በሳምንት ውስጥ እንልክ ነበር።

የዓይን ነርስ፣ ከወሎ

ለማን ብለን ጋሼ? ዘመቻው ሲያልቅ ስልክ ቁጥር ጥሎልን የሄደ የለም።

የጤና አስተዳደር መምህር፣ ከአዲስ አበባ

እዚህ ላይ ነገሩን ላስፋው። «ዘመቻ ወይስ ቋሚ» የሚለው ምርጫ ሕንድ ውስጥ በተግባር መልስ አግኝቷል። ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ጡረታ ከወጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 ማዱራይ ከተማ በ11 አልጋ አራቪንድ የሚባል የዓይን ሆስፒታል ከፈቱ። ዛሬ በዓለም ላይ ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ነው። መክፈል የሚችለው ይከፍላል። የማይችለው በነጻ ወይም በጣም በትንሽ ይታከማል። ሐኪሙ በሁለት ጠረጴዛ መሀል ይሠራል፤ አንዱን ሲጨርስ ሌላው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ዝግጅቱን የሚሠሩት ከገጠር ተመልምለው የሰለጠኑ ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ሌንሱን ራሳቸው ማምረት ጀመሩ፤ ዋጋው በብዙ እጥፍ ወረደ።

ከዘመቻ ጋር የሚገናኘው ይሄ ነው። አራቪንዶች መንደር ድረስ ይወጣሉ፤ ግን የሚወጡት ለምርመራ ነው። ሞራ ያለበትን በአውቶቡስ ወደ ሆስፒታል ያመጡታል፣ ይሠሩታል፣ ይመልሱታል፣ ለክትትል ተመልሰው መንደሩ ይሄዳሉ። ቢላው ከሆስፒታል አይወጣም። ስለዚህ አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ዓይን ቢቀላ የት እንደሚኬድ ይታወቃል። እህቴ፣ እናትሽ ያጣችው ይሄንን ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከደቡብ ጎንደር

መምህር፣ ጥሩ ነው። ግን ማዱራይ ያለችበት የሕንድ ግዛት፣ ታሚል ናዱ፣ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ያለ፣ መንገዱ የተያያዘ ነው። እኔ ያለሁበት ቀበሌ ክረምት ላይ መኪና አይገባም። አውቶቡሱ የት ይቆማል?

ሁላችሁም ስለ ሞራ ብቻ አወራችሁ። እስቲ ስለ ማዝ፣ ስለ ትራኮማ እናውራ። በዓለም ላይ ትልቁ የትራኮማ ሸክም ያለው እኛ አገር ነው። ማዙ ሲደጋገም የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል ጠባሳ ያወጣል። ከዚያ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። አሸዋ ዓይንህ ውስጥ ገብቶ በእያንዳንዱ ጥቅሻ ሲፈጭ አስብ።

አንዲት እናት አሉ። ወረንጦአቸውን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረው ነው የሚሄዱት። ጠዋት ፀሐይ ላይ ይቀመጡና ልጃቸው ፀጉሩን ትነቅልላቸዋለች። ከዚያ ጭስ ያለበት ማድቤት ይገባሉ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ ሲበቅል ደግሞ አጥሮ እንደ እሾህ ነው። ቀዶ ሕክምናው በነጻ ጤና ጣቢያ ይሠራል ብያቸው ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። መልሳቸው አንድ ነው፦ «ከብቱን ማን ያያል? እንጀራውን ማን ይጋግራል?» ፋሻ ታስሮ መተኛት ለእሳቸው ቅንጦት ነው። በዚህ በሽታ ሴቶች ከወንዶች በእጅጉ የሚበዙት በዚህም ጭምር ነው፤ ሕጻን የምታቅፈውና የምታጥበው ሴት ናት፤ ማዙ ከልጅ ወደ እናት ይመላለሳል።

መጨረሻ ላይ የተሳካልን እንዴት መሰላችሁ? ሦስት ጎረቤታሞችን በአንድ ቀን ወሰድኳቸው። የቀሩት ጎረቤቶች ለአራት ቀን እንጀራ ሊጋግሩላቸው ተስማሙ። ይሄን ዘመቻም አይሠራውም፣ ሆስፒታልም አይሠራውም። ደጃፉን የሚያውቅ ሰው ነው የሚሠራው። ስለ ገንዘብ ስትከራከሩ ይሄም በጀት ይፈልጋል።

የዓይን ሕክምና ሬዚደንት፣ ከጎንደር

እህቴ ያለችው ልክ ነው። እኔ ግን ማን ይሥራ በሚለው ላይ ልናገር፤ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና።

የዓይን ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ነው ያሉት። እያንዳንዱን ፀጉር የተቀለበሰበት ዓይን ሐኪም ይሥራው ካልን አንጨርሰውም። ነርስ ይሠራዋል ወይ ለሚለው የራሳችን አገር መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት የዓይን ሐኪሞችንና ለዚሁ የሰለጠኑ የጤና ባለሙያዎችን አወዳደረ። ፀጉሩ ተመልሶ በመቀልበሱ በኩል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ እዚሁ አገራችን በተሠራ ሌላ ጥናት ሁለት ዓይነት የዓይን ቆብ አቆራረጥ ተወዳደረ፤ በአንዱ በዓመቱ የተመለሰባቸው 13 በመቶ፣ በሌላው 22 በመቶ ሆኑ። ስለዚህ ዋናው ነገር ዲግሪው አይደለም። የተማረው ዘዴ፣ የሠራው ብዛትና የሚከታተለው ሰው መኖር ነው።

ሞራ ላይ ግን ጥንቃቄ አለኝ። ካታራክት ሰርጅን የምንላቸው፣ ሐኪም ያልሆኑ ግን ለሞራ የሰለጠኑ ባለሙያዎች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ችግሩ አሠልጥነን ብቻቸውን መጣላችን ነው። የሌንሱ ከረጢት ቢቀደድ ማንን ይጥሩ?

ለድሃ የሚሠራው ርካሽ ዘዴ ጥራት የለውም የሚል ካለ ደግሞ ይተወው። ኔፓል ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ስፌት የሌለውን ትንሽ ቅድ ከውዱ የማሽን ዘዴ ጋር አወዳደረ። በስድስተኛው ወር በሁለቱም 98 በመቶው በሚገባ አየ። ትንሹ ቅድ በአማካይ 9 ደቂቃ ፈጀ፣ ማሽኑ 15 ደቂቃ ተኩል።

የጤና አስተዳደር መምህር፣ ከአዲስ አበባ

ዶክተር፣ በዚያ እስማማለሁ። ነገር ግን ክፍያ የሚባለውን አንሽሽ። ሁሉም ነገር በነጻ ይሁን ካልን አምፖሉን ማን ይገዛል? የሚችለው ሰው መክፈል አለበት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከደቡብ ጎንደር

የሚችለውን ማን ይለየዋል መምህር? ቀበሌ ሄዶ የድህነት ወረቀት ለማጻፍ ሁለት ቀን ይፈጃል። ዓይነ ስውር እናት ናት ያንን ወረቀት የምታስጽፈው። የጤና መድኅኑ ይሸፍናል እንዳትለኝ፤ ደብተሩን ይዛ ሄዳ «ሌንስ አልቋል» ከተባለች ደብተሩ ምን ያደርግላታል?

ከሜሪላንድ

እኔ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሲስተር፣ ስለ ስልክ ቁጥሩ ያልሽው ቆርጦኛል። ልክ ነሽ።

አቋሜን ሙሉ በሙሉ አልለውጥም። ወረፋው እስካለ ድረስ ዘመቻ ያስፈልጋል። ግን ለሚቀጥለው ስብሰባችን የማቀርበው አለኝ። የሠራነውን ሰው ቁጥር ብቻ መቁጠር እናቁም። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ለ2030 ያስቀመጠው ግብ እንኳ የሚለካው ምን ያህል ሰው ተሠርቶ በደንብ አየ በሚለው ነው። እኛ በየዓመቱ ፎቶ እየለጠፍን «ይህን ያህል ዓይን ሠራን» እንላለን። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስንቱ እንደሚያይ ጠይቀን አናውቅም። ከአሁን በኋላ ከምንሰበስበው ላይ ለክትትል የሚሆን፣ ለመለዋወጫና ለአንዲት ነርስ ደመወዝ የሚሆን ተቀንሶ ካልተቀመጠ፣ እኔ በበኩሌ ገንዘብ አልለምንም።

የዓይን ነርስ፣ ከወሎ

ጋሼ፣ እንደዚያ ከሆነ እኔም ዘመቻውን አልቃወምም። አንድ ነገር ግን ጨምሩበት። ስትመጡ የእኛን ባለሙያ አጠገባችሁ አቁሙት። ጠብታ አቀባይ አታድርጉት፣ አሠሩት። እናንተ ስትሄዱ እጁ እዚህ ይቀራል።

የዓይን ሕክምና ሬዚደንት፣ ከጎንደር

ለጠያቂዋ፦ የእናትሽን ግራ ዓይን ለሚቀጥለው ዘመቻ አታቆዪው። ቀኙ እይታው ቀንሷል ስላልሽ መጀመሪያ እሱ ይታይ፤ መነጽር ብቻ ሊሆን ይችላል የሚፈልገው፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። በዘመቻው ጊዜ የተሰጣት ካርድ ካለ ይዘሽ ነይ፤ የገባላት ሌንስ ቁጥር እሱ ላይ ይጻፋል። ከሠሯት በኋላ ደግሞ ሕመም፣ መቅላት ወይም የእይታ መቀነስ ካየሽ ማደር የለም፣ በዚያው ቀን ነው።

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ማርቆስ

ካርዱ አለ ዶክተር። ከመድኅን ደብተሯ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። እሑድ ገጠር እወርዳለሁ። የወንድሜን ልጅም ላስመዘግበው ነው፤ አንደኛ ክፍል ሲገባ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቱ ይሆናል።