በ6 ሚሊዮን ብር አፓርታማ ገዝቶ ማከራየት ያዋጣል?

ጀማሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ ውስጥ አነስ ያለ ቤት ገዝቼ ለማከራየት አስቤያለሁ። ያለኝ 6 ሚሊዮን ብር ነው። ያለቀ ኮንዶሚኒየም ልክ በዚሁ ዋጋ ቀርቦልኛል፤ ደላላው በወር 30 ሺህ ይከራያል ይላል። በሌላ በኩል 20 በመቶ ከፍለህ ግባ የሚል ገና በመሠራት ላይ ያለ ሪል እስቴት አለ። የትኛው ይሻላል?

ሂሳብ ይቅደም፦
6 ሚሊዮን ይዘህ የ6 ሚሊዮን ቤት አትገዛም። አሹራ (የስም ማዛወሪያ ክፍያ) 4 በመቶ፣ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ፣ ደላላ ብዙውን ጊዜ 2 በመቶ፤ ድምሩ 480 ሺህ ብር፣ ማለትም የ16 ወር ኪራይ። 5.5 ሚሊዮን ላይ ቁም። 30 ሺህ እውነት ነው ብንል እንኳ ቤቱ በዓመት አንድ ወር ባዶ ይሆናል፤ 330 ሺህ ይቀራል። ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለጥገና 30 ሺህ ቀንስ። የሚተርፍህ 300 ሺህ ካወጣኸው ገንዘብ 5 በመቶ ገደማ ነው፣ ያውም የኪራይ ገቢ ግብር ሳይነሳለት። የባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። የምትገዛው እንግዲህ የቤቱ ዋጋ ይጨምራል ብለህ ነው እንጂ ለኪራዩ ብለህ አይደለም።

«ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ እናድርግ» ቢሉህ እንዳትሰማ። ስም ዝውውር ላይ በመንግሥት ግምት ያስከፍሉሃል፤ ነገ ስትሸጥ ደግሞ ልዩነቱ ትርፍ ሆኖ 15 በመቶ ግብር ይመጣብሃል።

ካርታ አንባቢ፦
ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ክፍለ ከተማው ካርታው ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን ያረጋግጥልህ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ከተረከበ 5 ዓመት ካልሞላው መሸጥ አይችልም፤ «በውክልና እንጨርሰዋለን» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ወካዩ ውክልናውን ካነሳ ወይም ከሞተ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ ካልሆነ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። ውሉ ደግሞ ውልና ማስረጃ ይመዝገብ፤ መንደር ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ስም አያዛውርም። ቀብድ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው፦ ሰጪው ካፈረሰ ይለቃል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል።

ፎቅ ቆጣሪ፦
ወደ ሪል እስቴቱ ካዘነበልክ የግንባታ ፈቃዱን ቅጂ ጠይቅ። ፈቃዱ 12 ፎቅ እያለ 14ኛው ላይ የሚሸጡልህ ከሆነ ለዚያ ቤት ካርታ ማግኘትህ ያጠራጥራል። ካሬውንም መርምር፤ 100 ካሬ ብለው ደረጃውን፣ ኮሪደሩንና ሊፍቱን 20 ካሬ ቆጥረው ከደመሩበት የምትኖርበት 80 ካሬ ነው፣ የምትከፍለው ግን የመቶውን። ዋጋው በምንዛሬ ይስተካከላል የሚል አንቀጽ ካለ አትፈርም፤ ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ብር ምን ያህል እንደወደቀ እናውቃለን። የርክክብ ቀንና የመዘግየት ቅጣት ቁጥሩ ተጽፎ ይቀመጥ።

ጀማሪ፦
አመሰግናለሁ። ተከራይ ካገኘሁ በኋላስ?

ሂሳብ ይቅደም፦
የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁን፣ ቁጥር 1320/2016ን፣ አንብበው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪውም በዓመት አንዴ፣ መንግሥት ባወጣው ልክ ብቻ። ስለዚህ ቤቱ ቶሎ እንዲያዝልህ ብለህ በርካሽ አትጀምር፤ ከዚያ ዋጋ በቀላሉ አትወጣም።